ከሳንቃበር ወደ ጅንባር በእግር

ሜሮን፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዮናስ ከስሜን ተራሮች ፓርክ የጅንባርን ፏፏቴ አይቶ ገና መመለሱ ነው፤ ዛሬ እሱን ነው የማነጋግረው።

ዮናስ፦ ባቴ እስካሁን አልለቀቀኝም። ከጎንደር በሌሊት ተነሣን፤ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ የፓርኩን መግቢያ ከፍለን፣ የሚያጅበን ጠባቂ ማለትም ስካውት ይዘን፣ በመኪና እስከ ሳንቃበር ካምፕ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው።

ሜሮን፦ ብርዱስ?

ዮናስ፦ ለብርዱ ተዘጋጅቼበታለሁ፤ ያላሰብኩት የአየሩን መሳሳት ነው። ደጋ የለመድኩ መስሎኝ ዳገቱን በፍጥነት ጀመርኩት። ሳንቃበር እኮ 3,250 ሜትር ነው፤ ጎንደርን ከ1,000 ሜትር በላይ ይበልጣታል። ብዙም ሳልሄድ ራሴን ወቀረኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ስካውታችን ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ «ቀስ በል ልጄ» ብለው አስቀመጡኝ፣ ውኃ አጠጡኝ።

ሜሮን፦ ራስ ምታቱ ከባሰ መውረድ ነው እንጂ መታገል አያዋጣም።

ዮናስ፦ ጫካው የታየኝ ቀስ ስል ነው። አስታ የሚሉት ዛፍ ግንዱ ጠምዛዛ፣ ከቅርንጫፉ ሽበት የመሰለ ነገር ተንዠርግጎ፣ ጉም ሲነካው ጠብ ጠብ ይላል። መሬቱ ደግሞ ጦስኝ! ረግጠሽው ስታልፊ ሻይ የተፈላ ነው የሚመስልሽ።

ሜሮን፦ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹስ?

ዮናስ፦ ኧረ መንጋ ነው! ገደል አድረው ጠዋት ሜዳው ላይ ይወጣሉ። አንዷ ልጇን አዝላ ከእኔ አምስት እርምጃ አትርቅም። ቁጭ ብላ ሣሩን በጣቷ ስትነጭ ድምፁ ይሰማኛል።

ሜሮን፦ ምግብ አልሰጠሃትም መቼም?

ዮናስ፦ በፍጹም! ምግቧ ሣር ነው። ዳቦ ከለመደች ነገ ከሰው እጅ መንጠቅ ትጀምራለች።

ሜሮን፦ እሺ፣ ፏፏቴው።

ዮናስ፦ ድምፁ ይቀድማል። ከማዶ ገደል አፍ ላይ ቆመሽ ነው የምታዪው፤ የጅንባር ወንዝ 500 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረወራል። ጥቅምት ስለሆነ ሙሉ ነበር፤ በጋው ሲገፋ ይቀጥናል። ነፋስ ሲመታው መሃል ላይ ይበተንና ጉም ሆኖ ወደ ላይ ይመለሳል። ፊቴ ረጠበ። ስካውቱ ክንዴን ይዘውኝ ብዙ ቆየን፤ ማንም አልተናገረም።

ሜሮን፦ ዩኔስኮ ስሜንን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጎንደር ኖራ በፎቶ ብቻ ነው የምታውቀው። ጉልበቷን ያማታል፤ እንዴት ላድርጋት?

ዮናስ፦ መኪናው እኮ ሳንቃበር ድረስ ይገባል። መንገዱ ላይ ቡይት ራስ የሚባል ቦታ አለ፤ እዚያ አውርጃት፣ ጭላዳዎቹን ከመንገድ ዳር ታያቸዋለች። ጋቢዋን እንዳትረሽ።