በጣም የከፈለው ጀርባ ነበር የሚያየው

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ሰሞኑን ጭንቅላቴ ውስጥ የገባው ነገር የቴአትር መግቢያ ዋጋ ነው። ያውም የዛሬ አይደለም፤ ከ400 ዓመት በፊት፣ በቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ ጊዜ ለንደን ውስጥ ይከፈል የነበረው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራላችሁ።

ቶማስ ፕላተር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ በ1599 ለንደን ሄዶ ነበር። ምሳውን በልቶ፣ በኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት አካባቢ፣ የቴምዝን ወንዝ ተሻገረና ስለ ጁሊየስ ቄሳር የተሠራ ቴአትር አየ። ደግነቱ ዋጋውን ጽፎልናል። ቆሞ ለሚያይ አንድ ፔኒ። መቀመጥ ያማረው በሌላ በር ገብቶ አንድ ይጨምራል። ትራስ ያለበት፣ ሁሉን ነገር ደህና አድርጎ የሚያይበት፣ ደግሞም እሱ ራሱ ለሰው የሚታይበት ቦታ የፈለገ ሌላ በር ላይ ሦስተኛ ፔኒ ይከፍላል። እዚህች "ለሰው የሚታይበት" የምትለው ላይ እመለስባታለሁ።

ትኬት ብሎ ነገር አልነበረም። በየበሩ ገንዘብ ሰብሳቢ ይቆማል፤ ሳንቲሙ ከላይ ቀዳዳ ባላት ትንሽ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ለማውጣት መስበር ነው። በ1989 ሮዝ የሚባለው የዚያ ዘመን ቴአትር ቤት ሲቆፈር የነዚህ ዕቃዎች ስባሪ ተገኝቷል። ሕዝቡም የለውዝ ዓይነት ፍሬ እየቆረጠመ ነበር የሚያየው።

አንድ ፔኒ ርካሽ ነው? እንደ ሰውየው ነው። ሙያ ያለው ሠራተኛ በቀን 12 ፔኒ ገደማ ያገኛል፣ ጉልበት ሠራተኛው 8 ገደማ። ስለዚህ ለድሃው የቀን ገቢው አንድ ስምንተኛ ነው፤ ቀልድ አይደለም። ግን የሚገርመው፣ ከ1594 ጀምሮ አዝመራው በተከታታይ ተበላሽቶ እህል ሲወደድ፣ የአንድ ፔኒ ዳቦ ዋጋው እዚያው ሆኖ እያነሰ እያነሰ ሄደ (ይህን ነገር እኛም እናውቀዋለን)፤ የቴአትሩ ፔኒ ግን አልተነካም፣ ያው ሙሉ ቴአትር ነው የምታየው።

እኔን ከጠየቃችሁ ከፔኒውም በላይ ውዱ ሰዓቱ ነበር። መብራት የለም፤ ጣራው ክፍት ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ነው የሚሠራው። በሥራ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ! እና ማነው ሥራውን ጥሎ የሚመጣው? የከተማው ሹማምንት በ1597 ለንግሥቲቱ ምክር ቤት ያቀረቡት አቤቱታ ውስጥ አንዱ ይኸው ነው፤ ቴአትር ቤቶቹ ሙያ ተማሪ ወጣቶችንና አገልጋዮችን ከሥራ ያስቀራሉ፣ ይዘጉልን።

አሁን ወደዚያች "ለሰው የሚታይበት" ልመለስ። አንድ ፔኒ የከፈለው የት ነው የሚቆመው? መድረኩ ሥር! ተዋናዩ ሲያልበው እያየ። ሁለት ፔኒ የከፈለው ዙሪያውን ባለው ፎቅ ላይ ነው። ፕላተር ከጻፋቸው ሦስት ዋጋዎችም በላይ የሚከፍለው መኳንንት ግን፣ 6 ፔኒ ገደማ አውጥቶ፣ ከመድረኩ ጀርባ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ተዋናዩ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ሲያዞር እሱ የሚያየው ጀርባውን ነው። ግን ምን ቸገረው? የመጣው ሊታይ ነው። ልብሱን፣ ባርኔጣውን፣ ከማን ጋር እንደተቀመጠ ቤቱ በሙሉ ያይለታል።

በእርግጥ ቆሞ የሚያየውን ሰው ማንም አያከብረውም። ገማ፣ ጮኸ፣ አይገባውም ይሉታል። በሼክስፒር ቴአትር ውስጥ ያለው ልዑል ሐምሌት እንኳ ተዋንያኑን ሲመክር፣ እዚያ ታች የሚቆሙት አብዛኞቹ ከጫጫታ በቀር የሚገባቸው የለም ብሎ ይሸነቁጣቸዋል። እስቲ አስቡት፤ ይህን የሚናገረው ተዋናይ እግሩ ሥር የቆሙትን እነዚያኑ ሰዎች እያየ ነው። እኔ ሳቁ ይሰማኛል። ተናደዱ ብዬ አላምንም።

ነገሩ የተገለበጠው ጣራ ሲመጣ ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ፣ ከ1608 ወዲህ፣ የሼክስፒር ቡድን ብላክፍራያርስ የሚባል ዝግ አዳራሽ ውስጥም መሥራት ጀመረ። ሻማ አለ፣ ሁሉም ተቀምጦ ነው የሚያየው፣ ትንሹ ዋጋ ግን 6 ፔኒ። ለመድረኩ የቀረበ ብዙ ይከፍላል፣ የራቀ ትንሽ ይከፍላል። ዛሬ እኛ የምናውቀው አከፋፈል ማለት ነው። የአንድ ፔኒው ሰው እዚያ ቤት ቦታ የለውም። ጣራው ክፍት የሆነው የቡድኑ ቴአትር ቤት፣ ግሎብ፣ ለጊዜው ባይዘጋም፣ ገንዘብ ያለው ሰው ወደ ጣራው ሄደ።

እንደገና የተሠራው ግሎብ በ1997 ሲከፈት መቆሚያ ቦታውን መልሶታል፤ ዋጋው ለብዙ ዓመት 5 ፓውንድ ነበር። ዝናብ ቢመጣ ጃንጥላ መዘርጋት ክልክል ነው፤ ቢደክማችሁም መሬት ላይ ቁጭ ማለት አይፈቀድም። ለንደን ያላችሁ አድማጮች፣ ሄዳችሁ የቆማችሁ ካላችሁ ድምፅ ላኩልኝ፤ በተለይ እግራችሁ እንዴት እንደሆነ ንገሩኝ። በሉ፣ ቻው።