ትርንጎ እና ቶሮንኻ
ኩባ ለተማሩ ኢትዮጵያውያንና ለልጆቻቸው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የተደረገ ንግግር

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከወላጆቻችሁ ጋር የመጣችሁ ልጆቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ለእናቴ ስልክ ደውዬ «በስፓኒሽ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ነው» ያልኳት ቀን ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ ስፓኒሽማ ከአማርኛሽ በላይ ትችይ የለም እንዴ? የምታውቂውን ነው እንደገና የሚያስተምሩሽ?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያንኑ ጥያቄ ለልጃችሁ የጠየቃችሁ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሁለታችሁ ደውላችሁ አማክራችሁኛል። ዛሬ የመጣሁት ያን ጊዜ ያጣሁትን መልስ ይዤ ነው።

አብዛኞቻችሁ ታሪካችንን ኖራችሁታል። ለልጆቹ ስል ግን ባጭሩ ልበል። ከ1969 እና 70 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት በኋላ፣ አባቶቻችን ግንባር ላይ የወደቁብን በሺህ የምንቆጠር ልጆች ወደ ኩባ ተላክን። ያረፍነው ከዋናው ምድር በስተደቡብ ባለችው ደሴት ላይ ነው። ድሮ የጥድ ደሴት ትባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ስሟ ተቀይሮ ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ፣ የወጣቶች ደሴት ተባለች። ግማሽ ቀን እንማራለን፣ ግማሽ ቀን እርሻ እንሠራለን። እርሻው ደግሞ ቶሮንኻ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ግሬፕፍሩት የሚባለው ፍሬ።

ቶሮንኻን ለቅማ የማታውቁ ልጆች አሁን ላሳያችሁ። ፍሬው ከልጅ እጅ ይበልጣል። ዝም ብለህ ከጎተትከው ቅርንጫፉን ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ጠምዘዝ ታደርገውና ትቆርጠዋለህ። ከልጣጩ የሚረጨው ዘይት ጣት ላይ ይቀራል፤ በሳሙና አይለቅም። ማታ ፊደል ስጽፍ ደብተሬ ራሱ ቶሮንኻ ቶሮንኻ ይሸት ነበር። ለእናቴ በጻፍኩት ደብዳቤ «ከሰዓት በኋላ ቶሮንኻ እንለቅማለን» አልኳት። ከወራት በኋላ መልሷ ሲመጣ «ቶሮንኻ ያልሽው ምንድን ነው? እህል ነው?» ይላል። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በአማርኛ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል የለውም ብዬ ደመደምኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን በልቤ ከአማርኛ ትንሽ ራቅሁ።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው ልውሰዳችሁ። ብዙ ዓመት አልፎ፣ እዚህ አሜሪካ ውስጥ፣ የስፓኒሽ ቋንቋ ታሪክ የሚባል ኮርስ እወስዳለሁ። መምህራችን እያንዳንዳችን አንድ ቃል መርጠን ከየት እንደመጣ አጥንተን እንድናቀርብ አዘዙን። እኔ ሌላ ምን ልመርጥ? ቶሮንኻን መረጥኩ። የቃላት አመጣጥ መዝገቡን ገለጥኩ፤ ስፔኖች የወሰዱት ከአንዳሉስ ዐረብኛ፣ ድሮ ስፔን ውስጥ ይነገር ከነበረው ዐረብኛ፣ ነው ይላል፤ ቃሉም «ቱሩንጃ» ነው፤ ወደ ዐረብኛ ደግሞ ከፋርስ መጣ። ዐረቦች እ.ኤ.አ. በ711 ወደ ስፔን ምድር ከተሻገሩ በኋላ የሎሚና የብርቱካን ዘር ከነስሙ ይዘው ገብተዋል። እዚህ ድረስ እያነበብኩ ምንም አልታየኝም። ከዚያ ቃሉን ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት። ቱሩንጃ። ደገምኩት።

ትርንጎ!

በየገዳሙ ግቢ የሚተከለው፣ ልጣጩ እንደ ብርድ ልብስ የወፈረው፣ ለሴት ልጅ ስም የምናወጣው ትርንጎ። ያው የዐረብኛ ቃል ወደ ምዕራብ ሄዶ ቶሮንኻ ሆነ፣ ወደ እኛ መጥቶ ትርንጎ ሆነ። ፍሬዎቹ አንድ አይደሉም፤ ዘመዳሞች ናቸው። ቃሉ ግን አንድ ነው። ለእናቴ መልስ መስጠት የነበረብኝ ያኔ ነበር፤ ቃሉ ደብዳቤዋ ሲደርሰኝም በአፌ ነበር፣ አላወቅሁትም እንጂ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

የድኅረ ምረቃ ትምህርት ማለት ለእኔ ይህ ነው። መናገርማ ደሴቲቱ አስተምራናለች። የምንናገረው ነገር በየት በኩል እንደመጣ፣ ማን ተሸክሞት እንደመጣ፣ በመንገድ ላይ ማን እንደተገፋ ማወቅ ግን ሌላ ሥራ ነው። ከቶሮንኻ በኋላ ወጥ ቤቴ ራሱ ተለወጠብኝ። ዘይት ስጨምር አሴይቴ፣ ስኳር ስቀዳ አሱካር፣ ሩዝ ስለቅም አሮስ፤ ሁሉም ከአንድ የዐረብኛ ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

ስለ አነጋገራችንም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ያፈራችሁበትን አውቃለሁና። በመጀመሪያው ሴሚናር አፌን ስከፍት «ሎስ ሊብሮስ» (መጻሕፍቱ) ማለት ሲገባኝ «ሎ ሊብሮ» አልኩ፤ ኩባ ላይ «ስ» መጨረሻ ላይ ይዋጣል። ስሙን የማልጠራው አንድ መምህር በተማሪ ፊት «ይህን የመንገድ ስፓኒሽ ማረም ይኖርብሻል» አለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ «ስ»ን እያጠበቅሁ እንደ እንግዳ ሰው ስናገር ኖርኩ። በኋላ የድምፅ ታሪክ ስማር፣ በደቡብ ስፔን ባለችው በአንዳሉሲያና በካናሪ ደሴቶችም ያው «ስ» እንደሚለሰልስ፣ የስፔን መርከቦችም ከአንዳሉሲያዋ ሴቪያ ተነስተው በካናሪ በኩል ወደ ካሪቢያን ይሄዱ እንደነበር ተረዳሁ። የእኛ አነጋገር የመርከበኞቹን መንገድ ይዞ የመጣ ነው። እዚህ አካባቢ ምግብ ቤት የምትሠሩ ከኤል ሳልቫዶር ሰዎች ጋር ስትውሉ፣ እናንተ «ቱ ሳቤስ» (ታውቃለህ) ስትሉ እነሱ «ቦስ ሳቤስ» ብለው ሁለተኛውን ቃል መጨረሻው ላይ እንደሚጫኑት ሰምታችኋል። ያም ስሕተት አይደለም፤ ስፔን ውስጥ የጠፋ የጥንት «ቦስ» ነው፣ መካከለኛው አሜሪካ ውስጥ በሕይወት የቀረ።

አማርኛ ማወቅ ደግሞ እንዴት እንደሚጠቅም ተመልከቱ። አሜሪካውያን የክፍል ጓደኞቼ «ኡስቴድ» የሚለው የአክብሮት ቃል፣ አጠገብህ ላለ ሰው እየተነገረ ስለምን የሩቅ ሰው ግሥ እንደሚይዝ ለመረዳት ተቸገሩ። እኔን አላስቸገረኝም። «እርስዎ ይመጣሉ» እና «እሳቸው ይመጣሉ» ስንል ግሡ አንድ አይደለምን? ኡስቴድ «ቩዌስትራ መርሴድ»፣ «ጸጋዎ» እንደማለት፣ ከሚል አጠራር ተሸርሽሮ የቀረ ነው፤ የኛው እርስዎም «ርእስ» ከሚለው የግዕዝ ቃል የመጣ ነው። ሁለቱም ሕዝቦች ትልቅን ሰው ፊት ለፊት መጥራት ከብዷቸው ዞር ብለው ጠሩት። ይህን ለክፍሉ ሳስረዳ፣ ያ ያፈርኩበት አፌ መልሶ አስከበረኝ።

ወደ ሥነ ጽሑፉ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

እ.ኤ.አ. በ1605 የታተመው የስፔናዊው ደራሲ የሴርቫንቴስ ልቦለድ ዶን ኪኾቴ ገና ታሪኩ ሳይጀመር በቀልድ ግጥሞች ይከፈታል። የመጀመሪያው ግጥም እንግዳ ነገር አለው፤ የየስንኙ የመጨረሻ ክፍለ ቃል ተቆርጦ ወጥቷል፤ አንባቢው ራሱ ነው የሚሞላው። ከስንኞቹ አንዱ «ኮሞ ኤል ኔግሮ ኹዋን ላቲ—» ይላል። «እንደ ጥቁሩ ኹዋን ላቲ…»። ከሱ በፊት ያለው ስንኝ «ላዲ—» ብሎ ይቆማል። ሲሞሉ «ላቲኖ» እና «ላዲኖ» ናቸው። ተማሪው ሁሉ ተራምዶት ወደ ታሪኩ ገባ። እኔ ግን ሰምና ወርቅ በሚነገርበት አገር ተወልጄ፣ በተቆረጠ ቃል ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ማነው ይህ ጥቁር ሰው?

ኹዋን ላቲኖ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ሰው ነው። በባርነት አድጎ፣ ግራናዳ ከተማ የላቲን መምህር እስከመሆን ደረሰ። በ1571 ስለተደረገው የሌፓንቶ የባሕር ጦርነት በላቲን የጻፈው ረጅም ግጥም በ1573 ግራናዳ ላይ ታትሟል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ራሱን ሲያስተዋውቅ፣ በሕፃንነቱ ከኢትዮጵያ የመጣ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ነኝ ይላል። ይህን ባነበብኩ ቀን ልቤ ዘለለ። የኛ ሰው! ብዬ ወደ አማካሪዬ ሮጥኩ። እሳቸው በትዕግሥት ሰሙኝና፣ በዚያን ዘመን ላቲን «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል ማንኛውንም ጥቁር አፍሪካዊ ሊያመለክት ይችል እንደነበር አሳዩኝ። ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከሩበታል፤ ስፔን ውስጥ ተወለደ የሚሉም አሉ። ቅር አለኝ። አሁን ግን ያንን ቅሬታ እንደ ትልቅ ስጦታ ነው የማየው። ሰውን የኛ ለማድረግ መቸኮል ከማወቅ ያግዳል። የተረጋገጠው ነገር በራሱ ይበቃል፤ ከነጭ የስፔን ጸሐፍት መካከል አንድ ጥቁር ሰው በሊቃውንቱ ቋንቋ ጽፎ፣ ኢትዮጵያዊ የሚለውን ስም በክብር ለራሱ መርጧል።

«ላዲኖ» የሚለውን ደግሞ ተመልከቱ። በ1611 የወጣው የኮቫሩቢያስ መዝገበ ቃላት፣ ቋንቋችንን ከኛ እስከማይለይ ድረስ ተጠንቅቆ የተማረ የውጭ ሰው ላዲኖ ይባላል ይላል። ብልጥ ማለትም ነው። ስፓኒሽ የለመደ ባሪያም ላዲኖ ይባል ነበር፤ አዲስ ከአፍሪካ የመጣውና ቋንቋውን የማያውቀው «ቦሳል» ነው። እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እኛ ደሴቲቱ ላይ በመጀመሪያው ወር ቦሳል ነበርን፤ በሁለተኛው ዓመት ላዲኖ ሆንን። ማንም ባሪያ አላደረገንም፤ ኩባውያን እንደ ልጆቻቸው አሳድገውናል፣ ይህን ሁሌም እናገራለሁ። ግን በአንድ ቃል ውስጥ የተቀበረውን የአራት መቶ ዓመት ታሪክ ከኛ የተሻለ ማን ያነባል?

ሌላም ሰው አለ፤ ኩባዊው ገጣሚ ኹዋን ፍራንሲስኮ ማንሳኖ በባርነት ሳለ መጻፍ የተማረው ጌታው የጣላቸውን የተጻፈባቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች በስስ ወረቀት መካከል እያስገባ፣ እጁን በፊደሎቹ ላይ እያስኬደ ነው። የሕይወት ታሪኩን በ1835 ጻፈ። መጀመሪያ የታተመው ለንደን ላይ በ1840፣ በእንግሊዝኛ ነው። በራሱ ቋንቋ፣ በስፓኒሽ፣ እስከ 1937 ድረስ አልታተመም። ደብዳቤ ለመጻፍ ከጓደኞቻችን ደብተር ቃል የምንገለብጥ የነበርን ሁላችን ያን ሰው እናውቀዋለን።

አሁን ለልጆቹ ስለ ኑሮው ልናገር፤ ወላጆችም የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ዶክትሬቱ አምስትም ስድስትም፣ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ለዶክትሬት የሚቀበሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያውን ትተው አበል ይሰጣሉ፤ በምትኩ ለጀማሪዎች ስፓኒሽ ታስተምራላችሁ። አበሉ ቤት ኪራይ ላይ ያልቃል፤ አልዋሻችሁም። ሁለት ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ከመካከለኛው ዘመን እስከ ዛሬ ያለውን ረጅም የንባብ ዝርዝር ይዛችሁ ትፈተናላችሁ። ሌላ ቋንቋም ይጠየቃል፤ ፖርቱጋልኛ ይቀላችኋል። የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ቦታ ጥቂት ነው፣ ተወዳዳሪው ብዙ። ስለዚህ ሌላ በርም ክፍት አድርጋችሁ ግቡ፤ ትርጉም፣ የሆስፒታልና የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህርነት። ስፓኒሽ ከአፍሪካ ኅብረት ቋንቋዎች አንዱ መሆኑንም አትርሱ፤ አህጉራችን ውስጥ ኢኳቶሪያል ጊኒ አለች፣ የራሷ የስፓኒሽ ደራሲዎች ያሏት።

ወላጆች፣ የመጨረሻው ጉዳዬ ከእናንተ ጋር ነው።

ስለ ኩባና ስለ አፍሪካ የተጻፉ የምርምር ሥራዎችን ብዙ አንብቤያለሁ። የወታደሩ አለ፣ የዲፕሎማሲው አለ። በዚያች ደሴት ያደጉ ኢትዮጵያውያን ልጆች የጻፉትን ግን እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ፣ ቃል በቃል የመረመረ ሰው እኔ እስካሁን አላገኘሁም። ጽሑፉ የለም እንዳይባል ደግሞ በየቤታችሁ አለ። አልጋ ስር፣ ሻንጣ ውስጥ፣ እናቶቻችን ጋ አዲስ አበባ ቀርቷል። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በስፓኒሽ፤ ስፓኒሹ በፊደል የተጻፈ፣ አማርኛው በላቲን የተጻፈ። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ቋንቋ የሚጋጭበት፣ የሚታረቅበት። ከኛ ልጆች አንዷ ወይም አንዱ ይህን የመመረቂያ ጽሑፉ ቢያደርገው ምን ያህል እንደሚያበራ ታውቃላችሁ? ወረቀቱ ግን ይበላሻል። ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ ቤቱን ሲያጸዳ የአራት ዓመት ደብዳቤ ከቆሻሻ ጋር ጥሎ፣ በማግስቱ ደውሎልኝ አብረን አዘንን።

ስለዚህ የማስተርስ ትምህርት የጀመሩት ሁለቱ ወጣቶቻችን ዛሬ ስካነር ይዘው መጥተዋል። ደብዳቤያችሁን ፎቶ አንስተው ወዲያው ይመልሱላችኋል፤ ያልፈቀዳችሁት ስም ይሸፈናል። ዛሬ ያልያዛችሁ አድራሻ ጻፉላቸው፤ ቤታችሁ ይመጣሉ። የመጀመሪያውን እኔ አምጥቻለሁ፤ እናቴ ካረፈች በኋላ ከሣጥኗ ያገኘሁት ነው። በሰማያዊ ቢክ፣ በተንሻፈፈ ፊደል፣ «ከሰዓት በኋላ ቶሮንኻ እንለቅማለን» ይላል። «ቶሮንኻ» የሚለውን ቃል እናቴ በእርሳስ አስምራበታለች። ጠረጴዛው በሩ አጠገብ ነው።