ቲቸር ምን ለበሰ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ደዋይ (2ኛ ዓመት ተማሪ፣ ሐዋሳ)፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ቲቸራችን ሁሌ በጂንስና በስኒከር ነው የሚመጣው። ልጆቹ «ቁም ነገረኛ አይደለም» ብለው ይንቁታል። እውነት ልብሱ ትምህርታችንን ይጎዳዋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ነገር እንለይ። መምህሩን የምንገምትበት ሌላ፣ የምንማረው ሌላ። ግምቱን ልብስ በደንብ ይነካዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አለ፤ ወጣት አስተማሪዎች ሙሉ ሱፍ፣ ቀለል ያለ የቢሮ ልብስ ወይም ጂንስ ለብሰው እንግዳ ሌክቸር እንዲሰጡ ተደረገ። ተማሪዎቹ ሱፍ ለባሹን የበለጠ ብቁ ነው አሉ። ጂንስ የለበሰው ደግሞ ተግባቢ ነው፣ አቀራረቡም ደስ ይላል ተባለ። ልብ በል፣ የተለካው አስተያየታቸው እንጂ የፈተና ውጤታቸው አይደለም።

አስተያየት ደግሞ ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ሌላ ሙከራ አንድ ዓይነት ትምህርት በሁለት ቪዲዮ ቀረበ። በአንዱ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ዓይን ዓይን እያዩ፣ ያለ ወረቀት ማስረዳት፤ በሌላው አቀርቅሮ ከማስታወሻ እያነበቡ መንተባተብ። የመጀመሪያውን ያዩት ብዙ የተማሩ መሰላቸው። ሲፈተኑ ግን ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆነ። ስለዚህ ቲቸርህን በስኒከሩ አትለካው። ያስረዳህን ለዶርም ጓደኛህ መልሰህ ማስረዳት ከቻልክ እየተማርክ ነው።

ደዋይ (ረዳት መምህርት፣ ጎንደር)፦ ገና ተመርቄ መቀጠሬ ነው። ግቢ ውስጥ ተማሪ እመስላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ክላስ ውስጥ «አንቺ» እያሉ ይጠሩኛል። ሱፍ ልልበስ እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ቅድም ባልኩት የ1996ቱ ጥናት ላይ ልብስ በብቃት ግምት ላይ ያለው ጫና ጎልቶ የታየው ሴት ተማሪዎች ሴት አስተማሪዎችን ሲመዝኑ ነው። ወንድ ጓደኛሽ በሹራብ ገብቶ ዝም ሲባል አንቺን ከላይ እስከ ታች የሚያዩሽ ለዚህ ነው። ፍትሐዊ አይደለም፣ ግን አለ።

ሙሉ ሱፍ ግን ግድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ተማሪዎችሽ ከሚለብሱት አንድ ደረጃ ከፍ በይ፤ ኮሌታ ያለው ሸሚዝና ጃኬት ይበቃል። ጫማሽ ሁለት ሰዓት የሚያስቆም ይሁን፤ እግሩ የሚያሠቃየው ሰው ትዕግሥቱም ያልቃል። ከዚያ በሰዓትሽ ግቢ፣ ኮርስ አውትላይኑን በመጀመሪያው ቀን ስጪ፣ የፈተና ወረቀት ቶሎ አርመሽ መልሺ። «አንቺ» ያለሽን ደግሞ እዚያው፣ ሳትቆጪ፣ «መምህርት በለኝ» በይው።

ደዋይ (ባሕር ዳር)፦ ግቢያችን ያሉ አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር ዓመቱን ሙሉ አንድ ያረጀ ሹራብ ነው የሚለብሱት። ሁሉም ይፈራቸዋል። ታዲያ ይህስ?

መልስ፦ ስማቸው ቀድሟቸው ስለሚገባ ነዋ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ አይቷል፤ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ፕሮፌሰር በቲሸርትና በጺም ሲገለጽ፣ ከረባት ካሰረው የበለጠ ክብር ተሰጠው። ሰው «ይሄ ማንንም ማስደሰት አያስፈልገውም» ብሎ ያስባል። አዲስ የገባ ሌክቸረር ይህን ቢሞክር ግን ተዝረከረከ ነው የሚባለው።

ደዋይ (መምህር፣ አዲስ አበባ)፦ በዚህ ደመወዝ ሱፍ ከየት ይመጣል? የምለብሰው ሰልባጅ ነው። ተማሪዎቼ ያውቁብኛል ብዬ እሳቀቃለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይሳቀቁ። ተማሪ ልብሱ ከየት እንደተገዛ አይጠይቅም፤ መታጠቡንና መተኮሱን ግን ያያል። ሁለት ሸሚዝና አንድ ጥቁር ሱሪ በፈረቃ ሴሚስተር ያሻግራል። ነጭ ጋዋንም አለ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ስንማር መምህራኖቻችን ይለብሱት አልነበር? ከቾክ አቧራ ያድናል፣ ከሥሩ ያለውንም ማንም አያይም። ዲፓርትመንትዎን ይጠይቁ፤ ለላብራቶሪ የሚገዛውን ለክላስም መግዛት ያን ያህል ወጪ አይደለም።