ሻያችን ውስጥ ያለችው ደሴት

እንደምን አመሻችሁ!

ስለ ዛንዚባር ጉዞዬ እንዳወራችሁ ስለጋበዛችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ፎቶዎቹን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ባህር። እውነት ነው፣ ልክ እንደዚያ ናት። እኔ ግን ዛሬ በዋናነት የማወራችሁ ስለ ቅርንፉድ ነው። ሻያችን ውስጥ ጣል ስለምናደርጋት፣ ትንሽ ሚስማር ስለምትመስለው ቅመም።

ከዳሬሰላም በመርከብ ነው የሄድኩት። ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ደገኛ ነኝና መሬት ከዓይኔ ስትጠፋ ፈራሁ። ከዚያ አሮጌዋ ከተማ ከውሃው ላይ ብቅ አለች። ስቶን ታውን ይሏታል፣ የድንጋይ ከተማ። ድንጋዩ ደግሞ ኮራል ነው። ልስኑ በተላጠበት ቦታ ግድግዳውን በእጄ ዳሰስኩት። ሻካራ ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። ሰዉ ቤቱን የሠራው ባህር ውስጥ ባደገ ድንጋይ ነው።

በማግስቱ በጀልባቸው ወደ ባህር ይዘውኝ የሚወጡ አንድ አዛውንት አገኘሁ። እዚያ ትልቅ ሰው «ምዜ» ተብሎ ነው የሚጠራው። ሰላምታውም ሌላ ነው። ታናሽ «ሺካሞ» ይላል፣ ታላቅ «ማራሃባ» ብሎ ይመልሳል። ምዜ «ጠዋት ሳ ሞጃ» ብለው ቀጠሩኝ። አንድ ሰዓት ማለታቸው ነው። ፈረንጆቹ ግራ ሲጋቡ እኔ ወዲያው ገባኝ። ስዋሂሊም እንደኛ ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው! ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ መናገር ያቅተኛል። ከአገሬ የራቅኩ አልመሰለኝም።

ጀልባቸው ከማንጎ ግንድ የተፈለፈለች ናት። እንዳትገለበጥ ግራና ቀኝ ክንፍ አላት። ሞተር የላትም። ሸራዋ በሦስት ቦታ ተጥፏል። ምዜ ገመዱን በእግራቸው ጣት ይዘው ስለ ነፋስ አጫወቱኝ። ካስካዚ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። ድሮ የአረብና የህንድ መርከቦችን ያመጣ የነበረው እሱ ነው። ወራት ቆይቶ ኩሲ ከደቡብ ይነሳና ወደ አገራቸው ይመልሳቸዋል። ነጋዴው ነፋሱ እስኪዞር እዚያው ይከርማል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ስዋሂሊ ውስጥ ያን ያህል የአረብኛ ቃል የበዛው ለካ በዚህ ነው።

በዚህ ነፋስ የኦማን ሱልጣኖችም መጡ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ልንገራችሁ። ሱልጣን ሰይድ በ1840 መቀመጫቸውን ከኦማኗ ከተማ ከሙስካት ወደ ዛንዚባር አዛወሩ። ደሴቲቱን ቅርንፉድ አስተከሉባት። ቅርንፉድ ደግሞ ብዙ እጅ ይፈልጋል። እጁ ከየት መጣ?

መልሱ ያለው ከተማው ውስጥ ነው። የባሪያ ገበያው በነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል። ገበያው በ1873 ተዘጋ። ባርነቱ ግን በሕግ እስኪቀር እስከ 1897 ቆየ። መሠዊያው አጠገብ ወለሉ ላይ ነጭ ክብ እብነበረድ አለ። ሰው የሚገረፍበት ዛፍ እዚያ ነበር ይባላል። ውጭ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ አምስት የድንጋይ ሰዎች አንገታቸው በሰንሰለት ታስሮ ቆመዋል። ብዙ ቆየሁ። አንዷ ሴት ፊት ላይ ዓይኔ ቀረ። እኛም ብንሆን ባርነትን በአዋጅ የከለከልነው በ1942 ነው። ይህን እያሰብኩ ነው የወጣሁት። ከሰዓት በኋላ ሻይ በቅርንፉድ ሲቀርብልኝ መጠጣት አቃተኝ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ፓጄ ሄድኩ። እዚያ ባህሩ ሲሸሽ በጣም ርቆ ይሄዳል። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ይወርዳሉ። እንጨት ይተክላሉ፣ ገመድ ይወጥራሉ፣ ገመዱ ላይ የባህር አረም ያስራሉ። አረሙ ተሽጦ ለጥርስ ሳሙናና ለአይስክሬም ማወፈሪያ ይሆናል። ውሃው እየሞቀ መምጣቱ ግን ሰብላቸውን እየጎዳው ነው።

በመጨረሻ ከቅርንፉድ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ለካስ እምቡጥ ናት! ሳትፈነዳ ነው የምትለቀመው። ትኩሷ አረንጓዴ ሆና ጫፏ ቀላ ይላል። ምንጣፍ ላይ ፀሐይ ሲመታት እኛ የምናውቃትን ቡናማ ትሆናለች። ገበሬው ስሟን «ካራፉ» አሉኝ። እኔም «ቅርንፉድ» አልኳቸው። ደገሙት፣ ሳቁ። ሁለቱም ከአረብኛው «ቀረንፉል» የመጡ ናቸው። ስሙም እንደ መርከቦቹ ባህር ተሻግሮ ነው የደረሰን።

ይዤ የመጣሁት ትንሽ ከረጢት አሁን ከፊት ረድፍ ጀምሮ ይዞራል። አንዳንድ ውሰዱ። ጥሩ ቅርንፉድ በጥፍር ሲጫኑት ዘይት ይወጣዋል ብለውኛል ገበሬው። ሞክሩት፣ ከዚያ አሽትቱት።