«ጥምቀትን ላሳልፍና…»፦ ስለ መጠጥና ስለ ተመላላሽ ሕክምና የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ድሮ በዓል ሲቃረብ በየሬዲዮው የቢራ ማስታወቂያ እንጂ ሌላ አይሰማም ነበር። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካወጣው ወዲህ ስለ መጠጥ ጤና የምንነጋገርበት ክፍተት ተገኘ። በታኅሣሥ ወር በከፈትነው ስልክ የገቡት ጥያቄዎች ሰዓቱን አጣበው ስለነበር፣ በአየር ላይ የተቆራረጡትን መልሶች እዚህ አሟልቻቸዋለሁ። የደዋዮቹን ማንነት የሚያሳዩ ነገሮች ቀይሬያለሁ።

«ለገሃር አካባቢ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ 41 ዓመቴ ነው። ማታ ማታ ስድስት ቢራ እጠጣለሁ፤ አንዳንዴ ሁለት መለኪያ አረቄ እጨምርበታለሁ። ከሥራ ቀርቼ አላውቅም፤ ቤቴም አልጎደለበትም። ጠዋት ስፈርም ግን እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ምሳ ሰዓት አንድ ስቀምስ ይተወኛል። አሁን የስድስት ወር ሪፖርት አለብኝ፣ ገናም ደርሷል። ጥምቀትን ላሳልፍና ልታከም? ደግሞስ ሆስፒታል መተኛት ግድ ነው?»

ከሥራ አለመቅረትዎን ማስረጃ አድርገው አቀረቡልኝ። እኔ ግን ጆሮዬ የቀረው የምሳ ሰዓቷ ቢራ ላይ ነው። በሥራዬ ያየሁት ነገር ቢኖር ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚያጣው መጨረሻ ላይ መሆኑን ነው። እንቅልፉ፣ ጨጓራው፣ የልጆቹ አመኔታ ቀድመው ይሄዳሉ፤ ደመወዝ ግን እየገባ ስለሆነ «ምን ሆንኩ?» ይላል።

ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆኑ በቁጥር እንነጋገር። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የ5 በመቶ ቢራ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። ስድስቱ ሲደመር 78 ግራም ይመጣል፣ አረቄው ሳይቆጠር። የዓለም ጤና ድርጅት ለወንድ በቀን ከ60 ግራም በላይ መጠጣትን ከፍተኛ አደጋ ብሎ ይመድበዋል። የእጅዎ መንቀጥቀጥ ደግሞ ሰውነትዎ አልኮልን ለምዶ፣ ሲጎድልበት እንደሚጠይቅ ያሳያል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይስሙኝ፦ ነገ ተነሥተው በራስዎ ወኔ በአንዴ እንዳያቆሙ። አንጎል ለዓመታት መጠጡ ሲጫነው ኖሮ ጫናው ድንገት ሲነሣ ይፈነጥራል። ላብና መንቀጥቀጡ ከመጨረሻው ብርጭቆ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። የሚጥል ሕመም የመሰለ መንፈራገጥ ካለ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ይመጣል። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ ጥቂቶች ይቃዣሉ፣ የሌለ ነገር ያያሉ፣ ሰውነታቸው ይግላል። ይኼኛው ካልታከመ ይገድላል።

መተኛት ግን ለሁሉም ግድ አይደለም። ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ተንፈራግጠው ወይም ተቃዥተው የማያውቁ ከሆነ፣ ከባድ የልብ ወይም የጉበት ሕመም ከሌለብዎት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከሌለ፣ ማታ አብሮዎት የሚያድር የማይጠጣ ሰው ካለ፣ እቤትዎ እያደሩ መታከም ይችላሉ። ሐኪሙ እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት ያዝዛል፤ መጠኑን በየቀኑ እየቀነሰ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ ይጨርሰዋል። ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጥዎታል፤ ብዙ የጠጣ ሰው እሱ ስለሚጎድለው አንጎል ይጎዳል። በእነዚያ ቀናት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይታያሉ፤ ክኒኑም ጥቂት ጥቂት እየተቆጠረ ነው የሚሰጥዎት። ይህ እርስዎን መጠራጠር አይደለም፤ ዳያዜፓምና አረቄ ተደራርበው ትንፋሽ ስለሚያቆሙ ነው። መኪናም አይነዱም።

አሁን ካላንደሩን ይመልከቱ። ዛሬ ታኅሣሥ 14 ነው። በዚህ ሳምንት ቢጀምሩ አስቸጋሪው ክፍል ገና ሳይገባ ያልፋል። ሪፖርቱን በሚንቀጠቀጥ እጅ ከሚጽፉት አንድ ሳምንት አርፈው ቢጽፉት ይሻላል ባይ ነኝ። በግል ድርጅት የሚሠሩና የሙከራ ጊዜዎን የጨረሱ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ይሰጥዎታል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚጻፍ ከሐኪምዎ ጋር ተነጋገሩበት። ጥምቀትን ካሳለፉ ግን ከጥምቀት ወዲያ ሰርግ አለ፤ ጥርን ያውቁታል።

የት እንደሚሄዱም ጠይቀው ነበር። ቅርብዎ ካለ ጤና ጣቢያ ይጀምሩና ሪፈር ያጽፉ። «አማኑኤል ስገባ ሰው ቢያየኝስ» ያሉት ይገባኛል፤ በከተማችን «አማኑኤል ገባ» ማለት ስድብ ሆኖ ኖሯል። አማኑኤል ግን ተመላላሽ ታካሚ በየቀኑ የሚያይ ሆስፒታል ነው። ካልሆነም ዘውዲቱ፣ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። እዚያ ኮሪደር ላይ የሚያይዎ ሰው ጨጓራዎን ይሁን ኩላሊትዎን በምን ያውቃል?

«ዶክተር፣ ባለቤቴ መጠጥ አልለቀቀውም። ውጭ ያለች እህቴ ክኒን ልካልኛለች፤ ከወሰደው በኋላ ከጠጣ ያስመልሰዋል አለችኝ። ለገና ዶሮው ውስጥ ፈጭቼ ብጨምርለትስ?»

አይጨምሩ። ድምፅዎ ውስጥ የሰማሁት ክፋት ሳይሆን ድካም ነው፤ መልሴ ግን አይለወጥም።

ከስሙ እንደተረዳሁት ክኒኑ ዳይሰልፊራም ነው። ጉበት አልኮልን በሁለት እርምጃ ነው የሚፈጨው፤ ይህ መድኃኒት ሁለተኛውን እርምጃ ይዘጋና መርዛማው ነገር መሃል ላይ ይከማቻል። ፊት ይቀላል፣ ልብ ይደልቃል፣ ያስመልሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ልቡ ደካማ የሆነን ሰው ሊገድል ይችላል። አውቆ የወሰደ ሰው ከብርጭቆ ይርቃል፤ ያላወቀው ግን ለበዓል ጓደኞቹ ጋ ሄዶ እንደ ልማዱ ነው የሚጠጣው። ደግሞ ዶሮ ወጥ ውስጥ ጠጅ ጠብ የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ፤ እርስዎም ከነሱ አንዷ ከሆኑ ገበታው ላይ ምን እንደሚከሰት ያስቡት። ውጤቱ ካቆሙት በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ለአሜባ ብለን እንደ ዋዛ የምንወስደው ሜትሮኒዳዞልም ከእሱ ጋር ከተገናኘ አእምሮ ሊያዛባ ይችላል።

ክኒኑ ራሱ መጥፎ አይደለም። ባለቤትዎ ፈቅዶ፣ ጉበቱና ልቡ ተመርምሮ፣ ሐኪም ካዘዘለት፣ ጠዋት ጠዋት በእጅዎ ቢሰጡት እንዲያውም ብቻውን ከሚወስደው የተሻለ ይሠራል። ልዩነቱ ማወቁ ላይ ነው። የሚያናግሩት ደግሞ ማታ ጠጥቶ ሲገባ አይሁን፤ ጠዋት፣ ቡና ላይ፣ ልጆቹ ሳይሰሙ። ስንት እንደጠጣ አይቁጠሩበት፤ ምን እንዳስፈራዎት ይንገሩት።

«26 ዓመቴ ነው፤ አራት ኪሎ ተከራይቼ ከቤት ሆኜ ነው የምሠራው። እኔ ጫት ነው የምቅመው። መጠጡ ለጨብሲ ብቻ ነው። ሱሰኛ ነኝ?»

ወንድሜ፣ «ለጨብሲ ብቻ» ስንት ነው? ሁለት ቢራ ነው ስትለኝ ሳቅህ አራት አለኝ። ምርቃናውን ለመስበር ትጠጣለህ፣ መጠጡ ያደነዘዘህን ጠዋት ለመንቃት እንደገና ትቅማለህ። አንዱን ብቻ ልተው ያለ ሰው ሌላው ጎትቶ ይመልሰዋልና ሐኪም ጋ ስትሄድ ሁለቱንም ተናገር።

ጫቱን ስታቆም እንደ መጠጡ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር አይጠበቅም። ሐራራ፣ ድካም፣ መደበት፣ ሌሊት ደግሞ ዱካክ ይኖራል። ዱካኩ መንፈስ አይደለም፤ የተነፈግከው እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ሲመለስ የሚያመጣው ቅዠት ነው፤ በቀናት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። መደበቱ ከበረታና መኖር ካስጠላህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ የዚያኑ ቀን ሂድ። ሌላው የማየው ችግር የምትቅምበትና የምትሠራበት ወንበር አንድ መሆኑ ነው። ከተቻለህ በዚህ ወር ከሰዓት በኋላውን ከቤት ውጭ ሥራ።

«ሜክሲኮ አካባቢ ነው የምኖረው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ብቻዬን ወይን እጠጣ ነበር፤ ማንም አያውቅም። ሕክምና ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው፣ መድኃኒቱን ጨርሻለሁ። ለገና አማቶቼ ጋ ነን። አማቴ «በሞቴ» ካሉኝ እንዴት እምቢ እላለሁ?»

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሦስት ሳምንትሽን አከብራለሁ፤ ሴት ልጅ በእኛ አገር መጠጥ አስቸገረኝ ለማለት ሁለት እጥፍ ድፍረት ይጠይቃታል።

«በሞቴ» ከባድ ነው፤ በክርክር አይረታም። ከአማትሽ ጋር ገበታ ላይ ስለ ሱስ አትወያዪ። «እማዬ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» በይ፤ እውነት ነው፣ ከልክሎሻል። አንድ ጊዜ በይና ወሬ ለውጪ፤ ምክንያት በተደረደረ ቁጥር ምክንያቱ ነው የሚፈተሸው። ብርጭቆሽ ባዶ አይሁን፤ ባዶ ብርጭቆ ያየ ይቀዳል። ለስላሳም ይሁን ውሃ ሙይው። ብርዝ ከፈለግሽ ዕለቱን የተበጠበጠ ይሁን፤ ካደረ መፍላት ይጀምራል። ቅራሪም ቢሆን ከጠላ ጭማቂ ነው፣ ይቅርብሽ። ባለቤትሽ ካወቀ አጠገብሽ ይቀመጥ፤ ካላወቀ ለእሱ መንገር የዚህ ሳምንት ሥራሽ ይሁን። ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ ተነሥታችሁ ሂዱ፤ ሐራራው የሚመጣው ሰው ሲቀንስና ጨዋታው ሲሞቅ ነው። የክትትል ቀጠሮሽን ደግሞ ለታኅሣሥ 30 ወይም ለማግሥቱ አስይዢ። ከበዓል በፊት ከሚደረገው ይልቅ ያ ቀጠሮ ይጠቅምሻል።

ካመለጠሽስ? አንድ ብርጭቆ ሦስት ሳምንትሽን አያጠፋውም። ለሐኪምሽ ንገሪው፤ አትደብቂው።

«ጸበል ብጠመቅ አይበቃም?»

እንጦጦ ወጥተው መጠጥ የተዉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ጸበል ገብቶ በአንዴ ያቆማል፤ በሁለተኛው ቀን ይንፈራገጣል፣ በሦስተኛው የሌለ ሰው ያናግራል፤ ከበው የቆሙት «ወጣለት» ይላሉ። እንዲያ ከሆነ 907 ደውሎ አምቡላንስ መጥራትና ሆስፒታል ማድረስ ነው። መጀመሪያ ሐኪም አይቶዎት፣ መድኃኒትዎን ይዘው ይውጡ።

በመጨረሻ፣ የለገሃሩ ሒሳብ ሠራተኛ ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ድጋሚ ደውሎ ነበር፦ «ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ዛሬ ማታስ?»

ዛሬ ማታ ጀግና አይሁኑ። መጀመሪያ በደንብ ራት ይብሉ። አረቄውን ይተዉት፤ ቢራውን በአንዴ ወደ ዜሮ አያውርዱት፣ ከወትሮው ግን አይለፉ። እቤትዎ ሆነው ይጠጡ፣ መኪናውን ያቁሙት። ከመተኛትዎ በፊት ለባለቤትዎ ነገ የት እንደሚሄዱ ይንገሯትና አብራዎት ትምጣ። ሐኪሙ ስንት እንደሚጠጡ ሲጠይቅዎ ደግሞ የምሳ ሰዓቷን ቢራ እንዳይረሷት።