ከስንት ሰው በስንቱ? ስለ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ፍርሃት

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አደራችሁ! ቅዳሜ ጠዋት እረፍታችሁን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም የታመመ ቤተሰብ ደግፋችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ስለ ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ልብ ሕመም ዶክተሮቹ ይነግሯችኋል። እኔ የማወራችሁ ቤት ከገባችሁ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ኪኒኑ እጃችሁ ላይ ነው፤ ውሃው ተቀድቷል፤ ከካርቶኑ የወጣው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ዓይናችሁ «ለሞት ሊያደርስ ይችላል» የሚል መስመር ላይ ቆሟል። ከዚያ ኪኒኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። በማግስቱም እንዲሁ። እንዲህ ያደረጋችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እጅ አውጡ አልልም።

ፍርሃቱ በብዙ በር ይገባል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉም በጣም ደቃቅ ነው፣ ስለዚህ ትምህርት ቤት ያለው ልጅ ያነብላችኋል፤ ልጁ ደግሞ ቶሎ የሚያገኘው የሚያስደነግጠውን ቃል ነው። አሜሪካ ያለችው እህት የመድኃኒቱን ስም ጎግል አድርጋ ማታ ትደውላለች። ጎረቤት «እሱ መድኃኒት ኩላሊት ይጨርሳል» ትላለች። ቲክቶክም አለ። ሁሉም ስለሚወዷችሁ ነው የሚናገሩት። ግን ከመካከላቸው «ይሄ ነገር ከስንት ሰው በስንቱ ላይ ይደርሳል?» ብሎ የጠየቀ የለም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰውየው መድኃኒቱን ያቆማል፣ ለማንም አይናገርም። የቀጠሮው ቀን ይደርሳል። ሐኪሙ «መድኃኒቱን በደንብ እየወሰዱ ነው?» ሲለው ቁጣ ፈርቶ «አዎ» ይላል። ግፊቱ ግን አልወረደም። ሐኪሙ ምን ያድርግ? መድኃኒቱ አልበቃም ብሎ መጠኑን ከፍ ያደርጋል፣ ወይም ሌላ ይጨምርበታል። አንድ ኪኒን የፈራ ሰው ሁለት ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያ አንድ ቀን ግፊቱ ጭንቅላቱ ላይ ይወጣና ግማሽ አካሉን ይይዘዋል። ስትሮክ። ቤተሰቡ ያኔ ነው መሳቢያ ውስጥ ያልተነኩትን ኪኒኖች የሚያገኘው።

መፍራት አላዋቂነት ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ብዙ የሚያነቡ ሰዎች ናቸው ብዙ ሲፈሩ የማያቸው። የጤና ባለሙያዎችም ለራሳችን ሲሆን እንፈራለን። ሰውነታችን ውስጥ የማናየውን ነገር ማስገባት ማንንም ያሳስባል። ስለዚህ ዛሬ «አትፍሩ» ልላችሁ አልመጣሁም። የፈራችሁትን ነገር በትክክለኛ ልኩ እንድታዩት፣ ከዚያም ጮክ ብላችሁ እንድትናገሩት ነው የምፈልገው።

ከወረቀቱ እንጀምር። እዚያ ወረቀት ላይ ማቅለሽለሽና ሞት ጎን ለጎን፣ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፋሉ። አምራቹ ሕግ ስለሚያስገድደው የተመዘገበውን ሁሉ ይዘረዝራል። ግን ጥሩ ወረቀት ከሆነ ቁጥርም አለው። «በጣም የተለመደ» ሲል ከ10 ሰው በ1 ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነው። «የተለመደ» ሲል ከ100 ሰው ከ1 እስከ 10። እያለ ይወርድና «እጅግ አልፎ አልፎ» ሲል ከ10,000 ሰው ከ1 ያነሰ ይሆናል። 10,000 ሰው ማለት ትንሽ ስታዲየም ሞልቶ ማለት ነው። ቁጥር የሌለው ወረቀት ሲያጋጥማችሁ ወደ እኛ አምጡት፤ ይህ ሥራችን ነው።

ሜትፎርሚንን እንውሰድ፣ ብዙዎቻችሁ ለስኳር የምትወስዱትን። ሆድ ማወክና ተቅማጥ በጣም የተለመደ ነው፣ በተለይ መጀመሪያ ላይ። ለዚህ ነው በትንሹ ተጀምሮ፣ ከምግብ ጋር እየተወሰደ፣ ቀስ እየተባለ የሚጨመረው። ወረቀቱ ላይ ያለው አስፈሪው ነገር ደግሞ ደም ውስጥ አሲድ መከማቸት ነው። እሱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚታይ ሲሆን፣ ሲከሰትም አብዛኛውን ጊዜ ኩላሊታቸው በደከመ ወይም ሌላ ከባድ ሕመም በያዛቸው ሰዎች ላይ ነው። «ሜትፎርሚን ኩላሊት ይጎዳል» የሚለው ወሬ የመጣውም ከዚህ ይመስለኛል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ኩላሊትን አይጎዳም፤ ኩላሊት ሲደክም ግን መድኃኒቱን ማስወጣት ስለሚያቅተው ይከማቻል። በየጊዜው የኩላሊት ምርመራ የሚታዘዝላችሁ ለዚህ ነው። ኩላሊትን የሚጎዳው ያልታከመ ስኳር ነው።

የግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪልም እንዲሁ። ደረቅ ሳል ከ10 ሰው ወደ 1 ገደማ ሊያመጣ ይችላል፣ ይረብሻል፣ መድኃኒቱ ሲቀየር ግን ይተዋል። የከንፈርና የምላስ እብጠት ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ሆኖም በእኛ በጥቁሮች ላይ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ስለሚበዛ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ያን ሰዓት ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሽንቱ ቀይ ብርቱካናማ ይሆንና ደም የሸና ይመስለዋል። ሪፋምፒሲን ነው፤ ቀለሙ ነው፤ ጉዳት የለውም። አስቀድሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነገረው ያ ሁሉ ድንጋጤ ባልመጣ ነበር።

አሁን ትንሽ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች 60 ሰዎችን ሰበሰቡ። ሁሉም ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት ጀምረው በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት በ2 ሳምንት ውስጥ ያቆሙ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ለ12 ወር 12 ብልቃጥ ተዘጋጀላቸው። 4ቱ እውነተኛው መድኃኒት ያለባቸው፣ 4ቱ መልኩ አንድ ዓይነት ሆኖ ውስጡ ምንም የሌለው ኪኒን፣ 4ቱ ደግሞ ኪኒን የሌለባቸው ባዶ ብልቃጦች። በየቀኑ ስሜታቸውን ከ0 እስከ 100 በስልካቸው ይመዘግባሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ። ምንም ባልወሰዱባቸው ወራት ሕመማቸው በአማካይ 8 ነበር። እውነተኛውን ሲወስዱ 16.3። ምንም የሌለበትን ኪኒን ሲወስዱስ? 15.4! እውነተኛውን ሲወስዱ ከተጨመረባቸው ሕመም 90 በመቶ የሚሆነው ምንም የሌለበትን ኪኒን ሲውጡም ነበረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አደራ አትሳሳቱብኝ። ሰዎቹ አልዋሹም። ጡንቻቸው በእውነት አሟቸዋል። የምንጠብቀው ሕመም ሕመም ይሆናል። ደግሞም አስቡት፣ ሰው ሲጨነቅ ልቡ ይመታል፣ አፉ ይደርቃል፣ ሆዱ ይላወሳል፣ ራሱ ይዞራል፣ እንቅልፍ ያጣል። እነዚህ በብዙ መድኃኒቶች ወረቀት ላይ አሉ። ስለዚህ የተጨነቀ ሰው ኪኒኑን ውጦ ራሱን ሲያዳምጥ ዝርዝሩን ሰውነቱ ላይ ያገኘዋል፣ ያን ሲያገኝ ይበልጥ ይጨነቃል፣ ይብስበታልም። ከእነዚያ 60 ሰዎች ግማሾቹ የራሳቸውን ውጤት በዓይናቸው ካዩ በኋላ መድኃኒቱን እንደገና ጀምረዋል። ማንም አልተቆጣቸውም፣ ማንም አላስገደዳቸውም፤ ያዩት በቂ ነበር።

አሁን በጣም ወደሚያሳዝነኝ ጉዳይ ልምጣ። አገራችን ውስጥ የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ ብዙ ልጆችና ወጣቶች አሉ። የብዙዎቹ መነሻ ቶንሲል ብለን የምናልፈው፣ በወቅቱ በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። ሕመሙ እየተመላለሰ ልባቸውን እንዳይጨርሰው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋሉ፣ ለዓመታት። መርፌው ያማል። ከሕመሙ በላይ ግን የሚያስፈራው ወሬው ነው፦ «ፔኒሲሊን ተወግቶ እዚያው ቀረ»። ይህን ወሬ ወላጅ ብቻ አይፈራውም፤ ነርሱም፣ እኔም እንፈራዋለን። ልጇን ይዛ ከአንድ ጤና ተቋም ወደ ሌላው የምትዞር፣ በየሄደችበት «እኛ ጋ አይወጋም» የምትባል እናት ታውቃላችሁ። ምናልባት እዚህ ተቀምጣለች።

እስቲ ልኩን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1991 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በተለያዩ አገሮች 1,790 ታካሚዎችን ተከታትሏል። በጠቅላላው 32,430 መርፌ ተወግተዋል። ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ የደረሰው 4 ጊዜ ነው። የሞተው 1 ሰው ነው። በሌላ በኩል ኡጋንዳ ውስጥ የልብ ጉዳታቸው ገና በጅምሩ በአልትራሳውንድ የተገኘባቸው 818 ልጆች ተከፍለው ግማሾቹ በየ4 ሳምንቱ ተወጉ፣ ግማሾቹ አልተወጉም። ከ2 ዓመት በኋላ ከተወጉት መካከል የባሰባቸው 3 ናቸው። ካልተወጉት መካከል 33።

እዚህ ጋ ቆም ልበል። ያ ከመርፌው በኋላ የሞተው አንድ ሰው የአንዲት እናት ልጅ ነው። ቁጥር ትንሽ ነው ብዬ ላልፈው አልችልም። ደግሞም እዚህ ላይ ፍርሃቱ ውስጥ እውነት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ባወጣው ምክር፣ ከመርፌው በኋላ ከሚከሰቱት ሞቶች ብዙዎቹ አለርጂ እንደማይመስሉ ገልጿል። ቫልቫቸው በጣም የተበላሸ ወይም ልባቸው የደከመ ሰዎች በሕመሙና በድንጋጤው ግፊታቸውና የልብ ምታቸው ድንገት ሲወርድ ልባቸው ያን መቋቋም ያቅተዋል። ስለዚህ ለእነሱ ከመርፌው ይልቅ የሚዋጠው ፔኒሲሊን ይመከራል። እንግዲህ እናንተ መጠየቅ ያለባችሁ «የልጄ ልብ በምን ደረጃ ላይ ነው፣ መርፌውን ይችላል ወይ?» ብላችሁ ነው። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን አሳክኮት ወይም አሳብጦት ከሆነም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ሲሄድ ቁርስ በልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ ይሂድ። ጋደም ብሎ ይወጋ። አባብሉት። ይህ ሁሉ ፍርሃታችን ልጁን መርፌ ከማስቀረት ወደሚጠብቀው ጥንቃቄ ሲቀየር የሚመጣ ነው።

ለጭንቀትና ለድብርት መድኃኒት የታዘዘላችሁም አላችሁ፣ ይህን በጆሮ ብቻ ትነግሩኛላችሁ፣ ዛሬ እኔ በማይክ ልናገረው። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና መቁነጥነጥ ሊያመጡ ይችላሉ፣ አንዳንዴ ጭንቀቱን ትንሽ ያብሱታል፤ ጥቅሙ ደግሞ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሚያቆመው ልክ በዚያ ከባዱ ሳምንት ነው። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ያልፈዋል። ካልቻላችሁት፣ በተለይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን በዚያው ቀን ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይቀየራል።

የሙያ ባልደረቦቼም እዚህ ስላላችሁ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። «ዝም ብለው ይዋጡት» አንበል። ሰልፉ ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የሚበዛውን ጉዳት፣ ብርቅ የሆነውንና መቼ መመለስ እንዳለበት ለመናገር 2 ደቂቃ አይፈጅም። «አቁመዋል እንዴ?» ብለን ስንጠይቅም ፊታችን ቁጣ አይሁን። ሰው እውነቱን የሚነግረን ስንቀበለው ነው።

ለእናንተ ደግሞ ከልምዴ የማየው ይህን ነው። አዲስ መድኃኒት የምትጀምሩ ከሆነ በሥራ ቀን ጠዋት፣ ቤት ውስጥ ሰው ባለበት ጀምሩት፤ የሆነ ነገር ቢሰማችሁ ጤና ጣቢያውም ፋርማሲውም ክፍት ነው፣ ሌሊት ብቻችሁን አትጨነቁም። ከመጀመራችሁ በፊት አሁን የሚያማችሁን ጻፉ፣ የራስ ምታቱም የእግር ቁርጥማቱም ከኪኒኑ በፊት እንደነበረ ያኔ ታውቃላችሁ። ማቆም ከፈለጋችሁ ደውሉ ወይም ኑ፣ ነገር ግን በራሳችሁ አታቁሙ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶሎንና ፕሮፕራኖሎል የመሳሰሉት በድንገት ሲቆሙ ራሳቸው አደጋ ያመጣሉ። ቆዳ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ፣ አፍ ውስጥ ቁስል፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ጥቁር ሰገራ ካያችሁ ግን ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም። ጉዳት ከደረሰባችሁም ይመዝገብ፤ ባለሙያው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት ያደርጋል፣ እናንተም በ8482 መደወል ትችላላችሁ። ወረቀቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች የሚስተካከሉት እንዲህ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ እየተነሳችሁ ምላሳችሁን መስታወት የምታዩ፣ ትንፋሻችሁን የምትቆጥሩ ካላችሁ፣ ያ ጭንቀት ራሱ ሕክምና አለው። ለየትኛውም ሐኪም ንገሩ። አያሳፍርም።

መድኃኒታችሁንና ወረቀቱን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ እኔና ሁለት ባልደረቦቼ እስከ ምሳ ሰዓት አለን። ያቆማችሁትንም አምጡ፤ አንድ በአንድ እናየዋለን። አመሰግናለሁ።