«ኤክስሬዩ አያነሳም»፦ ቲዩቡን ከመጠርጠር በፊት

[ምስል፦ የእጅ ማብሪያው በቅርበት]

ቁልፉ ተጫነ፣ ጨረር ግን የለም። ብዙ ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያ ፍርድ «ቲዩቡ (ጨረሩን የሚያመነጨው ቱቦ) ተቃጥሏል» የሚል ነው። ቲዩብ ውድ ስለሆነ መጠርጠር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው።

የእጅ ማብሪያው ሁለት ደረጃ አለው። በግማሽ ሲጫኑት በቲዩቡ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ፣ ፊላመንቱ፣ ይግላል፤ ኤሌክትሮኖቹ የሚያርፉበት ዲስክ፣ አኖዱም፣ ይሽከረከራል፤ እስከ ታች ሲጫኑት ጨረሩ ይወጣል። በግማሽ ብቻ ተጭነው የአኖዱን መዞር ያዳምጡ። ብዙ አይያዙት፣ ፊላመንቱ በከንቱ ያረጃል።

ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ጥርጣሬው የእጅ ማብሪያው የተጠማዘዘ ገመድ ላይ ነው፤ በተለይ ከእጀታው በሚወጣበት ቦታ ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል። ገመዱን እያወዛወዙ በመልቲሜትር ይለኩ፣ ባለበት ከተለካ ደህና መስሎ ያታልላል። የበሩን ኢንተርሎክም (በሩ ካልተዘጋ ጨረር የሚከለክለውን ማብሪያ) እንዳይረሱ።

[ድምፅ፦ የሚያጉረመርም ሮተር]

ሮተሩ (አኖዱን የሚያዞረው የሞተር ክፍል) እያጉረመረመ አልዞር ካለ አብዛኛውን ጊዜ የማስነሻው ካፓሲተር ደክሟል። ኃይል አጥፍተው፣ ካፓሲተሩ የያዘውን ቻርጅ አራግፈው፣ ለክተው ላዩ ላይ ከተጻፈው ማይክሮፋራድ ጋር ያወዳድሩ። ካፓሲተሩም የስታተሩ (ሮተሩን ከውጭ የሚያዞረው የማይንቀሳቀስ ክፍል) ጥቅልሎችም ደህና ከሆኑ በቲዩቡ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ደርቋል ማለት ነው፤ ያኔ በእርግጥ ቲዩቡ ነው።

ሮተሩ ዞሮ ጨረር ከሌለስ? ትንሹንና ትልቁን ፎከስ በየተራ ይሞክሩ፤ እያንዳንዱ የራሱ ፊላመንት አለው። አንዱ ከሠራ ከፍተኛ ቮልቴጁ አለ፤ ችግሩ ባልሠራው ፎከስ የፊላመንት መስመር ላይ ነው።

[ማስጠንቀቂያ በቀይ]

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ዋናውን ብሬከር አጥፍተው ይቆልፉ፣ መመሪያው የሚለውን ጊዜ ይጠብቁ፣ የካቶዱን (ፊላመንቶቹ ያሉበትን ጎን) ኬብል ሲነቅሉ ጫፉን ከመሬት ጋር በተገናኘ ዘንግ ነክተው ቻርጁን ያራግፉ። ኬብሉ ራሱ ቻርጅ ይይዛል።

ከዚያ በቲዩቡ ሶኬት ላይ፣ ሁለቱ ፊላመንቶች በሚጋሩት ጫፍና በእያንዳንዱ ፊላመንት ጫፍ መካከል ይለኩ። ጥቂት ኦም ካሳየ ፊላመንቱ አልተቆረጠም፣ ኬብሉንና ፒኖቹን ይመልከቱ። ጫፉ ለሁለት የተከፈለው የኬብሉ ፒን ጠቦ ሶኬቱን ሳይነካ ሊቀር ይችላል፤ በቀጭን ስለት በቀስታ ከፈት ማድረግ ይበቃል። መልሰው ሲሰኩ አሮጌውን ግሪስ ጠርገው አዲስ የሲሊኮን ግሪስ ይቀቡ። ውስጡ አየር ከቀረ ብልጭታ ይዘልበታል፣ የሰኔውን ሥራ በሐምሌ ይደግሙታል።

ማሽኑ በዝቅተኛ የጨረር መጠን አንስቶ በከፍተኛው የሚያቋርጥ ከሆነ ግን ኬብሉን አይንኩት። መልቲሜትሩን ከመግቢያው መስመር ላይ አድርገው ጨረር በሚወጣበት ቅጽበት ቮልቴጁን ያንብቡ፤ ያለ ጭነት 220 ቮልት የሚያሳይ መስመር ጭነት ሲያርፍበት ሊወርድ ይችላል።